በሂልዲንግ ስም

ሂልዲንግ ኑሬል በደረቱ ተደፍቶ ነበር የተገኘው። ከፍሪዘሩ ጥግ አንስቶ እስከ ወደቀበት ድረስ ወለሉ ላይ ቀጭን የደም መስመር ተስቧል። ቀኝ እጁ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቀይ የእርዳታ ቁልፍ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ከቁልፉ በታች ነጩን ግድግዳ በደም አቅልመውታል። ሊደርስበት ጥቂት ነበር የቀረው።

በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ በቦታው ነበር። ወተቱ ተደርድሯል፣ ዳቦው ከመደርደሪያው ላይ ነው፣ መብራቱ ቦግ ብሏል። ሻጭ የለም። የሚርሴሌ መንደር ሰው «ቆርቆሮው» የሚለው ይህ ባለ አንድ ክፍል መደብር በሩን የሚከፍተው ለስልክ ነው። ገዢው ዕቃውን ራሱ ማሽኑ ላይ ያስነብባል፣ በስልኩ ይከፍላል፣ ይወጣል።

መርማሪ ራግንሂልድ ሆልም ከከተማ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ነው። «በዚህ ስም የገባ ሰው ዕቃ ሳይከፍል በተደጋጋሚ ስለወሰደ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሩ አይከፈትለትም» ይላል፤ ከሥሩ የሂልዲንግ ሙሉ ስም። ከዚያ በታች አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ሌባ» ብሎ ጨምሮበታል። ራግንሂልድ ወረቀቱን ገንጥላ ኪሷ ከተተችው።

«ማስረጃ እኮ ነው» አላት የአካባቢው ፖሊስ።

«አዎ ማስረጃ ነው። የመንደራችሁ ማስረጃ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ፖሊሱ ተከተላት። «ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል። ትናንት ማታ በገዛ ስሙ በሩን ከፍቶ ገባ። ወለሉ በበረዶ ርሶ ስለነበር አዳለጠው፤ ጭንቅላቱን ፍሪዘሩ መታው። ከሱ በኋላ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቱ ሶልቬይግ እስክትመጣ በሩ አልተከፈተም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑ ሂልዲንግን አይቶታል?»

«ስሙን አይቷል።»

ራግንሂልድ ወደ ጀርባው ዘለቀች። ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ አንድ ባዶ የወተት ሳጥን ተገልብጦ ተቀምጧል። ከሳጥኑ አጠገብ በደንብ የታጠፈ ካፖርት አለ፤ በካፖርቱ ላይ ፔርሙስ። ክዳኑ ውስጥ ቡና ቀርቷል። ጎንበስ ብላ የሟቹን ቦት ጫማ በጣቷ ነካችው፤ እንደ አጥንት ደርቋል። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ተበጥሰው ክራቸው ብቻ ቀርቷል።

«የሞተው ሰው ኪስ ውስጥ ምን አገኛችሁ?»

ፖሊሱ የላስቲክ ከረጢት አቀበላት። መሐረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ ቁጥሮቹ የደበዘዙ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ።

«ሌላ ስልክስ?»

«ቤቱንም ፈትሸናል። ይኸው ብቻ ነው።»

ከረጢቱን መለሰችለት። ፖሊሱ በኋላ ሲያወራ፣ ፊቷ ደም የመሰለው ያኔ ነበር ይላል።

የመንደሩ ማኅበር ሊቀመንበር ስቱሬ አዳራሹን ከፍቶ ሐዘንተኛውን ሰብስቧል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጡረታ የወጣ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቆርቆሮውን ለመንደሩ ያመጣው እሱ ነው፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥርም ሰዉን የሚያበላውና የሚያጠጣው እሱ ነው። ራግንሂልድን ሲያይ ሰሃን ይዞ ተነሣ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። በዚህ ብርድ ከከተማ ድረስ መጥተው! ቡናው ትኩስ ነው። ቺዝ ያለበት ዳቦም አለ።»

ቺዙ ወፍራም ሆኖ ተቆርጧል፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ሰም ይታያል። ራግንሂልድ ሰሃኑን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሂልዲንግን በደንብ ያውቁታል?»

«ከልጅነቴ። ጥሩ ሰው ነበር። ግን ያው… ሰው ብቻውን ሲኖር አመል ያወጣል። የማኅበሩ ሰዎች በጣም ተቆጥተው ነበር፤ እኔ ነኝ እባካችሁ ተዉት፣ አርጅቷል እያልኩ የማበርደው።»

«የበሩን ቁልፍ ስልኩ ላይ ማን ጫነለት?»

«እኔው ነኝ። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለአዛውንቱ ሁሉ አስተምሬ ጫንኩላቸው። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ አለቀ።»

«በራሱ ስልክ ላይ?»

ስቱሬ ፈገግ አለ። «ታዲያ በማን ስልክ ላይ ሊሆን ነው? ይልቅ ካሜራውን እዩት። ብቻውን እንደነበር እሱ ያሳያችኋል።»

«እናየዋለን» አለች ራግንሂልድ። ዳቦውን ሳትነካ ወጣች።

አስከሬኑን ያገኘችው ሶልቬይግ የሟቹ ጎረቤት ናት። በሯን የከፈተችው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነው።

«እንዳየሁት ይዤው የነበረውን ሁሉ ጥዬ ደወልኩ።»

«ወረቀቱ ላይ ሌባ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ሶልቬይግ ቀላች። «ሁሉም የሚለውን ነው የጻፍኩት! ሰው በሌለበት ቤት ገብቶ መዝረፍ ምን ይባላል ታዲያ? በሱ የተነሣ ቆርቆሮውን ቢዘጉብንስ? ለአንድ ሊትር ወተት ስንት ሰዓት መንዳት እንዳለብን ታውቂያለሽ?»

«ሂልዲንግን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«ሰርቀህ ነው ወይ ብለሽ።»

«ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? የታወቀ ነገር።»

ጠረጴዛው ላይ እስከ ወገቡ የተበላ ዳቦ አለ፤ ቢላዋው ቅቤ እንደተቀባ ከጎኑ ተጋድሟል።

«ጥሩ ይመስላል ዳቦው።»

«ትኩስ ነው፤ ዕቃ የሚያመላልሰው ኬኔት ትናንት ነው ያመጣው።»

«ትናንት በዚያ ሁሉ ውሽንፍር ቆርቆሮው ድረስ ሄድሽ?»

«ኧረ ጉልበቴን አሞኝ ከቤትም…» አለችና ዳቦውን አይታ ቃሏን ቆረጠች።

ራግንሂልድ አልገፋቻትም። ኮፍያዋን አጥልቃ ሄደች።

ቲራን ያገኘቻት የቀድሞ ሱቋ ጓሮ እንጨት ስትፈልጥ ነው። ሰባ ዓመት ቢሆናትም መጥረቢያውን የምታነሣው እንደ ጎልማሳ ነው። ቆርቆሮው ሲመጣ የተዘጋው የእሷ ሱቅ ነበር።

«ትናንት ቆርቆሮው ሄደው ነበር እትዬ ቲራ?»

«እኔ? ወደዚያ እግሬን አላነሣም።»

«ማሽኑ ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው ምንም ሳይገዙ እንደወጡ ይናገራል።»

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። ቲራ ጉቶው ላይ ሰክታው ዞረች፤ ዓይኗ በእልህ ቀልቷል።

«ይናገር። እኔም እናገራለሁ። ሂልዲንግን አስገባሁት። ሁልጊዜም የማስገባው እኔ ነኝ! መስታወቱን እያንኳኳ እንደ ውሻ ደጅ ሲቆም አላፊው እያየው ያልፋል። ስልኩ አሮጌ ነው፣ አይከፍትለትም። ሌላ ሰው አስገብታችሁ ከተገኛችሁ እናንተም ትታገዳላችሁ ስላሉን ነው የዋሸሁሽ። ከታገድኩ ምን እበላለሁ? ድንጋይ?»

«ለምን ምንም ሳይገዛ ቀረ?»

«ሊገዛ አልገባማ። ኬኔት ዕቃ ባመጣ ቁጥር ማታውን ነው ነገር የሚጠፋው። ‹ቲራ፣ የኔን ስም ለብሶ የሚመጣውን ሰው ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ› አለኝ። ፔርሙሱን ይዞ ገብቶ ተቀመጠ። እኔ ወጣሁ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ለፖሊስ እንንገር ብዬው ነበር። ‹ሌባ ሲናገር ማን ይሰማዋል› አለኝ።»

«በስሙ ቁልፍ ተሠርቶለት ነበር?»

«ስቱሬ መታወቂያውን ወስዶ መዘገበው። በኋላ ሲጠይቀው ስልክህ አይችልም፣ አልሠራም፣ ተወው አለው።»

ራግንሂልድ ጓንቷን አጥልቃ አወለቀችው፤ መልሳ አጠለቀችው። «እትዬ ቲራ፣ ይህን ለማንም አይንገሩ። ነገ አዳራሹ ይምጡ።»

ከከተማ ዕቃ የሚያመላልሰው ኬኔት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። ማስታወቂያውን የለጠፈው እሱ ነው። ገና ስትቀርብ መስኮቱን አወረደ።

«ለጥፍ አሉኝ ለጠፍኩ። እኔ የራሴ የአገልግሎት ቁልፍ አለኝ፤ ብሰርቅ የማንንም ስም አልፈልግም። እሱን ልትጠይቂኝ ከሆነ።»

«አይደለም። ስለ ካሜራው ልጠይቅህ ነው።»

«የቱ ካሜራ?» ኬኔት በአፍንጫው ሳቀ። «በጋ ላይ መብረቅ ካቃጠለው ወዲህ ባዶ ቅርፊት ነው። የመደብሩ ባለቤት ድርጅት አዲስ እልካለሁ ይላል፣ አይልክም።»

«ማን ማን ያውቃል ይህን?»

«እኔና ስቱሬ። ሰው መፍራቱን እንዳይተው ለማንም አትናገር ያለኝ እሱ ነው።»

«ቀይ ሰም ያለበት ቺዝ ታመጣለህ?»

ኬኔት ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «እንዴት አወቅሽ? ትናንት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣሁት፤ የበዓል ዕቃ ነው። ዛሬ ስቆጥር አንዱ የለም። የከፈለበትም ሰው የለም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አራቱም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ወሬውን የሰሙ ሌሎች የመንደሩ ሰዎችም ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ስቱሬ እንደ ልማዱ ሲኒ ሊደረድር ሲነሣ ራግንሂልድ «ዛሬ ቡና የለም፣ ይቀመጡ» አለችው። ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ደውሎልኛል» ብላ ጀመረች። «ሂልዲንግ አላዳለጠውም። ደረቱ በሁለት እጅ ግፊት በልዟል፤ ሸሚዙ ተጨምድዶ ተይዞ ቁልፎቹ ተበጥሰዋል። አንድ ሰው ይዞ ገፍትሮታል። ፖሊስ ግን ብቻውን ነበር አለ፣ ምክንያቱም ማሽኑ ማታ በሩን የከፈተው ሂልዲንግ ነው አለ። ማሽኑን ሁሉም አመነው። ሟቹን ግን ማንም አላየውም።»

አሮጌውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህ የሂልዲንግ ስልክ ነው። ሌላ አልነበረውም። ይህ ስልክ የቆርቆሮውን በር መክፈት ይችላል ኬኔት?»

«ይሄ?» አለ ኬኔት። «ይሄ መደወሉም ይገርመኛል።»

«እንግዲያው ሂልዲንግ በሕይወቱ አንድም ቀን ያንን በር አልከፈተም። ታዲያ ትናንት ወዲያ እንዴት ገባ? እትዬ ቲራ አስገቡት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ። ካፖርቱን አጥፎ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቡናውን ጠጣ። ጫማው እስኪደርቅ ጠበቀ። ከመሸ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ማሽኑም ‹ሂልዲንግ ገባ› ብሎ መዘገበ። ሂልዲንግ ግን ውስጥ ነው! ውስጥ ተቀምጦ የራሱ ስም በር ከፍቶ ሲገባ አየ።»

ራግንሂልድ አሮጌውን ስልክ አንሥታ ለሁሉም አሳየች።

«ስሙን ይዞ የገባው ማን ነው? ኬኔት የራሱ ቁልፍ አለው፤ የሰው ስም አያስፈልገውም። እትዬ ቲራ ስሙን ይዘው ቢሰርቁ ኖሮ ሌባውን እንዲጠብቅ እዚያ ባላስቀመጡት ነበር። ሶልቬይግ መታወቂያውን አይታው አታውቅም። መታወቂያውን ወስዶ የመዘገበው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ‹በራሱ ስልክ ላይ ነው የጫንኩለት› አለኝ፤ ይሄ ስልክ ላይ! ካሜራውን እዩት አለኝ፤ መቃጠሉን ከኬኔት ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ።»

ስቱሬ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ግምት ነው። አሮጌ ሰው ስልክ ሊጥል ይችላል፣ ሊያጠፋ ይችላል…»

«ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር» አለች ራግንሂልድ። «ያን ዕለት ጠዋት ኬኔት ወደ ቆርቆሮው አዲስ ቺዝ አስገባ። ቀይ ሰም ያለበት፣ እዚህ አገር ከዚያ በፊት ያልታየ። በውሽንፍሩ ምክንያት ከሱ በኋላ በሩን የከፈቱት ሦስት ስሞች ብቻ ናቸው፤ ቲራ፣ ሂልዲንግና ሶልቬይግ። ቲራ ምንም አልገዛችም፤ ሶልቬይግ የገዛችው ዳቦና ወተት ነው። አንዱ ቺዝ ግን ‹ሂልዲንግ› ይዞት ወጣ። ሂልዲንግ ደግሞ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ቺዙ የት ሄደ? በማግስቱ ጠዋት አንተ ዳቦ ላይ አድርገህ በገዛ እጅህ ሰጠኸኝ።»

አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በሩ ተከፍቶ የአካባቢው ፖሊስ ገባ። በላስቲክ የተጠቀለለ ቀጭን ስልክ ይዟል። «መኪናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር ነው ያገኘነው» አለ። ራግንሂልድ በላስቲኩ ላይ ነካችው። ስልኩ በራና የቆርቆሮው ሰላምታ ወጣ፤ እንኳን ደህና መጡ፣ ሂልዲንግ።

ስቱሬ ስልኩን ሲያይ ፊቱ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

«አላሰብኩትም» አለ። «ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ ሲልብኝ ደነገጥኩ። ‹አንተ ነህ እንዴ?› አለኝ። ይህንኑ ይደጋግማል፤ ‹አንተ ነህ እንዴ ስቱሬ? አንተ?› ዝም በል አልኩት። ክንዴን ያዘኝ። ገፋሁት… መግፋት ብቻ ነው።»

«ለምን ትሰርቃለህ? አልራበህም!» ቲራ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጮኸች።

«ለራሴ አልወሰድኩም! ለእናንተ ነው። ስብሰባው፣ ቡናው፣ ኬኩ… ማኅበሩ ምንም የለውም። አንዴ ደገስኩ፤ ሁላችሁም አመሰገናችሁኝ። ከዚያ በኋላ ባዶ እጄን መምጣት አቃተኝ። በሩ ደግሞ ስም እንጂ ሰው አይጠይቅም።»

«በራስህ ስም አትሰርቅም ነበር?» አለ ኬኔት፤ ዓይኑን አፍጥጦበታል።

«እሱን ማን ያምነዋል ብዬ…» ስቱሬ ቃሉን ሳይጨርስ ዋጠው።

ራግንሂልድ ጠጋ አለችው። «ስትወጣ ይተነፍስ ነበር?»

ስቱሬ ፊቱን አዞረ።

«ጠየቅኩህ። ቀዩ ቁልፍ አጠገብህ ነበር። አንዴ መንካት ነው። ይተነፍስ ነበር?»

«ያቃስት ነበር» አለ ስቱሬ በቀጭን ድምፅ።

«ቺዙን ግን አልጣልከውም። ሂልዲንግን ተራምደህ ይዘኸው ወጣህ።»

ፖሊሱ ስቱሬን ክንዱን ይዞ አስነሣው። ሲወጣ ሰዎቹን አላያቸውም፤ እነሱም መንገድ ሲለቁለት እንደ በሽተኛ ሸሹት። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ከይሲ!» ብሎ ተፋ። ያኔ የራግንሂልድ ቁጣ ገነፈለ።

«ቆይ! ገና አልጨረስኩም። በልታችኋል እኮ። ሁላችሁም። የሂልዲንግ ስም የጠፋበትን ኬክ እየበላችሁ ነው ሂልዲንግን ሌባ ያላችሁት። መስታወት ሲያንኳኳ እያያችሁ ያለፋችሁት እናንተ ናችሁ። በር መክፈት የማይችል ሰው እንዴት ገብቶ ሰረቀ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ? አንድ?»

ወደ ሶልቬይግ ዞረች።

«ሶልቬይግ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁሉን ጥዬ ደወልኩ አልሽኝ። ማሽኑ ግን የዳቦና የወተት ሂሳብሽን በሰላም እንደከፈልሽ ያሳያል። ዳቦውንም ቤትሽ ተበልቶ አየሁት። የደወልሽው በልተሽ ጠጥተሽ፣ ከተመለስሽ በኋላ ነው።»

ሶልቬይግ ወንበሩን ያዘች። «ጫማውን ብቻ ነው ያየሁት። ከመደርደሪያው ጫፍ። ሰክሮ የተኛ መሰለኝ… ሌባው ነው፣ ምን አገባኝ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አላስችል አለኝ፤ ተመለስኩ።»

«ሐኪሙ እስከ ንጋት በሕይወት ነበር ይላል።»

«ያኔም?… እኔ ስገባም?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። ሕጉ አንቺን አይነካሽም፤ ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ሶልቬይግ ግን አልሄደችም። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ቲራ ኮቷን ደርባ ቀድማ ወጣች። ሰዉ የሄደችበትን ሲያይ ቀስ ብሎ ተከተላት። ቆርቆሮው ጋ ደርሳ ስልኳን አስጠጋች፤ በሩ ተከፈተ። በመንገዷ ላይ ከጓሮዋ ያነሣችውን ወፍራም ግንድ በበሩና በደፉ መካከል ወርውራ በእግሯ ጠበቅ አድርጋ ረገጠችው። ከጣሪያው የማሽኑ የሴት ድምፅ «እባክዎ በሩን ይዝጉ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ አለች። ከዚያ ጩኸቱ ጀመረ፤ መንደሩን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ ጩኸት።

«ኬኔት!» አለች ቲራ። «ና ዝጋዋ። ደመወዝ የሚከፍሉህ ለዚህ አይደል?»

ኬኔት የአገልግሎት ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አየው። ራግንሂልድንም አያት፤ እሷ መኪናዋን ተደግፋ እጇን አጣምራ ቆማለች። ቁልፉን መልሶ ከተተው።

«ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትጩህ» አለ።

ጩኸቱ ቀጠለ። ሚርሴሌ ውስጥ ግንዱን ሊያነሣ የሞከረ ሰው አልነበረም።